የአዝመራው መቅደስና ሩዝ ገዝቶ የማያውቀው ሚኒስትር

ሜይ 18 ቀን 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጃፓን የግብርና ሚኒስትር የነበሩት ታኩ ኤቶ በሳጋ ከተማ በተደረገ የፓርቲ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ስብሰባ ላይ ንግግር አደረጉ። በንግግራቸውም ሩዝ ገዝተው እንደማያውቁ፣ ደጋፊዎቻቸው በገፍ ስለሚሰጧቸው ቤታቸው ለሽያጭ የሚበቃ ሩዝ እንዳለ ተናገሩ። በዚያው ሰሞን አምስት ኪሎ ሩዝ በሱፐርማርኬት ከ4,000 የን በላይ ይሸጥ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው ዋጋ እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ሚኒስትሩ ነገሩን አጋንነው እንደተናገሩ፣ ባለቤታቸውም እንደተቆጧቸው፣ እርሳቸውም ቤት ሩዝ እንደሚገዛ ገልጸው ሊያስተባብሉ ቢሞክሩም ሰሚ አላገኙም። በሦስተኛው ቀን ከሥልጣናቸው ተሰናበቱ።

አንድ ሚኒስትር በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ወንበሩን ሲለቅ ማየት ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን የሰውዬው ምላስ አይደለም። ጥያቄው ሌላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በቤተ መንግሥታቸው ግቢ በየዓመቱ ሩዝ በሚተክሉበትና በሚያጭዱበት፣ ለሩዝ አምላክ የቆሙ መቅደሶች ሠላሳ ሺህ ያህል ይሆናሉ በሚባልበት አገር፣ ሩዝ እንዴት ብርቅ ሊሆን ቻለ? ለአዝመራ ይህን ያህል የሚሰግድ ሕዝብ አዝመራ እንዴት አነሰው?

ቀይ በሮችና ጀርባቸው

በኪዮቶ የሚገኘውን የፉሺሚ ኢናሪ መቅደስ የጎበኘሁት ይኸው ጥያቄ በአእምሮዬ ሲመላለስ ነው። ኢናሪ የሩዝ፣ የአዝመራና የብልጽግና አምላክ ነው፤ በየአውራጃው ለተበተኑት የኢናሪ መቅደሶች ሁሉ ዋናቸው ደግሞ ይህ ነው። ከኪዮቶ ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ሁለተኛው ፌርማታ ላይ የወረደ ሰው ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ያገኘዋል። መግቢያ አይከፈልበትም፤ ሌሊትም አይዘጋም።

ከፊት የቆመውን ትልቅ በር በ1589 ያሠራው ጃፓንን አንድ ያደረገው የጦር አለቃ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ሲሆን፣ እናቱ ከሕመሟ እንድትድን ተስሎ እንደሰጠው ይነገራል። ከበሩ ግራና ቀኝ የድንጋይና የነሐስ ቀበሮዎች ተቀምጠዋል። ብዙ የውጭ አገር ጎብኚ ቀበሮ የሚመለክ ይመስለዋል፤ ነገሩ እንዲህ አይደለም። ቀበሮዎቹ የአምላኩ መልእክተኞች ናቸው። በግቢው ካሉት ቀበሮዎች አንዳንዶቹ በአፋቸው የሩዝ ነዶ፣ ሌሎቹ የጎተራ ቁልፍ ይዘዋል። ነዶና ቁልፍ በአንድ ግቢ መገኘታቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። አንዱ የአራሹ ድካም ነው፤ ሌላው በዚያ ድካም ላይ ማን እንደሚያዝ የሚወስነው ነው።

ከዋናው አዳራሽ በስተጀርባ 233 ሜትር ወደሚሆነው የኢናሪ ተራራ የሚወስደው መንገድ ይጀምራል። በመንገዱ ላይ «ቶሪ» የሚባሉ፣ ወደ ብርቱካን በሚያደላ ደማቅ ቀይ የተቀቡ በሮች ተደርድረዋል፤ በተራራው ላይ በጠቅላላው አሥር ሺህ ያህል ይሆናሉ ይባላል። በስፍራዎች ላይ እጅግ ከመቀራረባቸው የተነሣ ሰው በእንጨት ዋሻ ውስጥ የሚሄድ ይመስለዋል። ዓለም ሁሉ ፎቶግራፍ የሚነሣበት ስፍራ ይህ ነው።

ወደ ላይ ሲወጡ የሚታየው ቀለም ብቻ ነው። ሲመለሱ ግን የእያንዳንዱ ምሰሶ ጀርባ በጥቁር ቀለም የተጻፈበት ሆኖ ይገኛል፤ በአንዱ በኩል የሰጪው ስም፣ በሌላው የተሰጠበት ቀን። ከኢዶ ዘመን (1603–1868) ጀምሮ ስለቱ የሰመረለት ወይም እንዲሰምርለት የሚሻ ሰው በር ማቆም ልማዱ ነው። ስሞቹን ሲያነቡልኝ የብዙዎቹ የኩባንያ ስም ነው፤ የሕንፃ ተቋራጭ፣ የምግብ ቤት ባለቤት፣ የንግድ ማኅበር። የበሩ ዋጋ እንደ መጠኑና እንደ ቦታው ይለያያል፤ ትልልቆቹ ከአንድ ሚሊዮን የን በላይ ያስወጣሉ። እንጨት ነውና ሥሩ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ ይነሣል፤ በቦታውም ሌላ ባለጸጋ ይተካል። በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ገበሬነቱን ጠቅሶ ስሙን ያጻፈ ሰው ከአስተርጓሚዬ ጋር ብንፈልግ ዓይናችን ውስጥ አልገባም። የለም ማለቴ አይደለም፤ ቢኖርም በነጋዴው ብዛት ተውጧል።

ሩዝ ገንዘብ በነበረበት ዘመን

«የሩዝ አምላክ የነበረው የንግድ አምላክ ሆነ፤ ዘመናዊነት እምነቱን አበላሸው» ብሎ መደምደም ይቀላል። እንዲህ የሚሉም አሉ። ይህ ጸሐፊ በዚህ አይስማማም፤ ምክንያቱም በጃፓን ታሪክ ሩዝ ከምግብነቱ እኩል ገንዘብ ነበር። በኢዶ ዘመን የአንድ መስፍን ሀብት የሚለካው በመሬቱ ስፋት ሳይሆን ግዛቱ ያፈራል ተብሎ በሚገመተው ሩዝ ነበር። መለኪያው «ኮኩ» ይባላል፤ 180 ሊትር ያህል ነው፤ አንድ ሰው በዓመት ይበላዋል ተብሎ የሚታሰበው መጠን ነው። የጦረኛው ቀለብ በሩዝ ይከፈል ነበር። በኦሳካ የነበረው የዶጂማ የሩዝ ገበያ በ1730 የመንግሥት ፈቃድ ሲያገኝ፣ ገና ያልደረሰ ሩዝ በውል የሚገበያይበት፣ በዓለም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነ ገበያ ሆነ። እንግዲህ ነጋዴው በኢናሪ ደጅ ቢሰለፍ ምን ይደንቃል? ሩዝ ለእርሱ ከጥንት ጀምሮ ብር ነበርና።

በዚህ ሁሉ መካከል ሩዙን የሚያበቅለው ሰው ምን ይበላ ነበር? ከምርቱ አርባ፣ አንዳንድ ቦታም አምሳ ከመቶ ግብር ከከፈለ በኋላ፣ ብዙው ገበሬ የራሱን ሩዝ እየሸጠ ገብስና ዳጉሳ መሰል እህል ይበላ ነበር። ነዶው የእርሱ፣ ቁልፉ የሌላ ሰው ነበር ማለት ነው።

የሚገርመው ነገር፣ የመቅደሱ የራሱ አፈ ታሪክ ይህን ነገር አስቀድሞ የነገረን መሆኑ ነው። በትውፊቱ መሠረት መቅደሱ የተመሠረተው በ711 ነው። መሥራቹ ሃታ ኖ ኢሮጉ ይባላል፤ ከእስያ ዋና ምድር በኮሪያ በኩል ከመጡ፣ በመስኖና በሐር ሥራ ከታወቁ ስደተኞች ወገን ነው። (ከጃፓናዊነት ሁሉ ጃፓናዊ የሚባለውን መቅደስ ያቆመው የመጤ ቤተሰብ መሆኑን፣ ስለ ዘር ጥራት መስበክ የሚወዱ ፖለቲከኞች የትም አገር ይኑሩ ቢያስቡበት መልካም ነው።) ኢሮጉ በሩዝ የከበረ ባለጸጋ ነበር። ጥጋቡ ሲያይልበት ከሩዝ ተወቅጦ የሚድበለበለውን «ሞቺ» የሚሉትን ምግብ ዒላማ አድርጎ በቀስት ወጋው። ሞቺውም ነጭ ወፍ ሆኖ በረረ፤ በተራራው ጫፍ ላይ ዐረፈ፤ ባረፈበትም ስፍራ ሩዝ በቀለ። መቅደሱ በዚያ ተሠራ። የኢሮጉ ልጅ ልጆችም በአባታቸው ጥፋት ተጸጸቱ ይላል ትውፊቱ።

ይህን ታሪክ ለመረዳት የሺንቶ አማኝ መሆን አያስፈልግም። በእኛም ዘንድ መሬት የወደቀ የእንጀራ ቁራሽ ያገኘ ሰው አንሥቶ፣ ስሞ፣ ከእግር መርገጫ ዞር አድርጎ ያስቀምጣል፤ እህል መርገጥ ነውር ነው። ባለጸጋው የበደለው አምላክን ብቻ አልነበረም፤ የሰው ላብ የፈሰሰበትን ነገር መጫወቻ አድርጎታል። መቅደሱ የተሠራው እንግዲህ ብልጽግናን ለማወደስ ብቻ ሳይሆን ጥጋብን ለመገሠጽም ጭምር ነበር። ዛሬ ከቀይ በሮቹ ሥር የሚያልፈው ሰው ለብልጽግና ይጸልያል፤ ተግሣጹን ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

መንግሥትና መሠዊያ

ሺንቶ ሲባል የፖለቲካ ተከታታዩ አንባቢ አስቀድሞ የሚያስበው የያሱኩኒን መቅደስና ጠቅላይ ሚኒስትር ጁኒቺሮ ኮይዙሚ ከ2001 እስከ 2006 በየዓመቱ በመሄዳቸው ከቻይናና ከኮሪያ ጋር የተነሣውን ውዝግብ ይሆናል። ፉሺሚ ኢናሪ ሌላ ዓይነት ስፍራ ነው፤ ያም ሆኖ ከመንግሥት እጅ አላመለጠም። በ1868 የሜጂ መንግሥት ለዘመናት ተቀላቅለው የኖሩትን ቡድሃና ሺንቶ በዐዋጅ ለያየ፤ መቅደሶችን በማዕርግ ደረደረ፤ ካህናቱን የመንግሥት ሹም አደረገ። ይህ ሥርዓት የፈረሰው በዲሴምበር 1945 በአሜሪካ ወራሪ ጦር አስተዳደር ትእዛዝ ነው። በ1947 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 እና 89 መንግሥት በሃይማኖት ሥራ እንዳይገባ፣ የሕዝብ ገንዘብም ለሃይማኖት ተቋም እንዳይውል ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ፉሺሚ ኢናሪ ራሱን ችሎ የሚተዳደር የሃይማኖት ድርጅት ነው።

ክርክሩ ግን አልሞተም። በኖቬምበር 2019 አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ናሩሂቶ ከአዲሱ አዝመራ የተገኘውን ሩዝ ለአማልክት የሚያቀርቡበት «ዳይጆሳይ» የተባለው ሥርዓት በመንግሥት ወጪ ተፈጸመ። ከአንድ ዓመት በፊት ወንድማቸው ልዑል አኪሺኖ ሥርዓቱ ሃይማኖታዊ በመሆኑ ወጪው ከቤተሰቡ የግል በጀት መሆን ይገባዋል ብለው በይፋ ተናግረው ነበር። ሰሚ አላገኙም። በእኔ እምነት ከዚህ ክርክር በስተጀርባ ሌላ ያልተነሣ ጥያቄ አለ። የሩዙን ሥርዓት ወጪ ማን ይክፈል ተብሎ ይህን ያህል ሲከራከሩ፣ ሩዙን ነገ ማን ያበቅለዋል ብሎ እኩል ድምፅ ያሰማ ማን ነው?

የአራሹ ጉዳይ

ጃፓን ሩዝ ያጣ ሕዝብ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። በጁላይ 1918 በቶያማ አውራጃ ኡኦዙ በተባለች የወደብ ከተማ የዓሣ አጥማጅ ሚስቶች ሩዝ ከከተማቸው ተጭኖ እንዳይወጣ ተሰለፉ። ዋጋው ሰማይ ነክቶባቸው ነበር። ረብሻው አገር አዳረሰ፤ ወታደር ተሰማራ፤ በሴፕቴምበርም የጠቅላይ ሚኒስትር ቴራኡቺ ካቢኔ ወደቀ። ሥልጣኑን የተረከቡት ሃራ ታካሺ የመሳፍንት ማዕርግ የሌላቸው የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። የሴቶች ሰልፍ የመንግሥትን መልክ ለወጠ ማለት ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ትልቁ ነገር ተደረገ። እስከዚያ ድረስ ከአገሪቱ የእርሻ መሬት ግማሽ ያህሉ በጭሰኛ የሚታረስ ነበር። በ1946 በወጣው ሕግ መንግሥት ትርፍ መሬቱን ከባለርስቶች በግዴታ ገዝቶ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ለአራሾቹ ሸጠ። የጭሰኛ መሬት ወደ አንድ አሥረኛ ዝቅ አለ። ነዶና ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ እጅ ገቡ።

ከዚያስ? ገበሬው መሬት አገኘ፤ በማኅበር ተደራጀ፤ ድምፁም ለገዢው ሊበራል ዴሞክራቲክ ፓርቲ አስተማማኝ ምሰሶ ሆነ። ፓርቲውም በአጸፋው የሩዙን ዋጋ ከፍ አድርጎ ይጠብቅለት ጀመር። የከተማው ሕዝብ ግን ዳቦና ሥጋ ለምዶ ሩዝ መብላት ቀነሰ፤ በ1962 እያንዳንዱ ሰው በዓመት 118 ኪሎ ይበላ የነበረው ዛሬ ከግማሽ በታች ወርዷል። ሩዝ ተረፈ። መንግሥት ያገኘው መፍትሔ ግን ከ1970 ገደማ ጀምሮ ገበሬው ሩዝ እንዳይዘራ ገንዘብ መክፈል ሆነ። ድልድሉ በ2018 በይፋ ቢቀርም፣ መሬቱን ወደ ሌላ ሰብል ላዞረ ሰው የሚከፈለው ድጎማ ቀጠለ። የገበሬው ድምፅ በዚህ መንገድ ተገዛ፤ የገበሬው ልጅ ግን ወደ ከተማ ሄደ። በ2000 ዋና ሥራቸው እርሻ የሆነ 2.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ነበሩ፤ በ2024 ወደ 1.1 ሚሊዮን ወርደዋል። አማካይ ዕድሜያቸው ሰባ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

እንዲህ በጠበበ መሠረት ላይ የቆመ ነገር ትንሽ ንፋስ ይበቃዋል። የ2023 ክረምት ሙቀት አዝመራውን ጎዳ፤ በኦገስት 2024 ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ሕዝቡ ሩዝ ማከማቸት ጀመረ፤ መደርደሪያዎች ባዶ ሆኑ። በማርች 2025 መንግሥት ለአደጋ ጊዜ ያስቀመጠውን ክምችት ማውጣት ጀመረ። የጎተራው ቁልፍ በዚህ ጊዜ በሚኒስትሩ እጅ ነበር፤ ሚኒስትሩ ግን ሩዝ ገዝተው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ተተኪያቸው ሺንጂሮ ኮይዙሚ ክምችቱን በቀጥታ ለቸርቻሪዎች ሸጡ። በኦገስት ጠቅላይ ሚኒስትር ኢሺባ ወደ ምርት መጨመር እንዞራለን አሉ። በኦክቶበር ሌላ ካቢኔ ሲመጣ ምርት ፍላጎትን ይከተል የሚለው የቀድሞው ቃል ተመለሰ። ሰባ ዓመት የሞላው ገበሬ የትኛውን ሰምቶ ይዝራ?

በፉሺሚ ኢናሪ ግቢ ትንሽ የሩዝ ማሳ አለች። በየዓመቱ ጁን 10 በሥርዓተ ጸሎት ችግኝ ይተከልባታል፤ ኦክቶበር 25 ይታጨድባታል፤ ሩዙ በኖቬምበር ለአምላኩ ይቀርባል። ውብ ሥርዓት ነው፤ አላቃልለውም። አንድ ሕዝብ ምግቡ ከየት እንደሚመጣ በዓመት አንድ ቀን እንኳ ማስታወሱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የመቅደሱ ማሳ በየዓመቱ ይዘራል፤ የመንደሩ ማሳ ግን ጾሙን ያድራል። አዝመራ ሲከበር አራሹ ከተረሳ፣ ክብሩ ለምስሉ እንጂ ለነገሩ አይደለም።

ለእኛስ?

ኢትዮጵያውያን ጃፓንን ማድነቅ የጀመርነው ዛሬ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1931 ወደዚያ ተጉዘው፣ በ1924 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳትመዋል። በዚያው በ1931 የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችንም ብዙውን የወረሰው በ1889 ከታወጀው የሜጂ ሕገ መንግሥት ነው። የዚያን ዘመን ምሁራን ዙፋኑን፣ ጦሩን፣ ፋብሪካውንና ትምህርት ቤቱን አይተው «እኛስ?» አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ግርማ በማን ወጪ እንደቆመ የጠየቀ ጥቂት ነው። በ1873 የወጣው የመሬት ግብር በሩዝ ሳይሆን በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል ሆኖ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከመንግሥቱ ገቢ አብላጫውን ያስገኘው እርሱ ነበር። መክፈል ያቃተው ገበሬ መሬቱን እየሸጠ ጭሰኛ ሆነ። የሜጂ ብርሃን ዘይቱ ከገባሩ ማሳ የተጨመቀ ነበር።

እኛም «መሬት ለአራሹ» ብለን ጮኸናል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ጭሰኝነት በዐዋጅ ቀረ፤ መሬቱ ግን የሕዝብ ተብሎ በመንግሥት እጅ ገባ። የጃፓኑ ጭሰኛ የባለቤትነት ወረቀት ተሰጠው፤ የእኛው ጭሰኛ ከባለርስቱ ተላቅቆ ከመንግሥት ጋር ተፋጠጠ። የትኛው እንደሚሻል ለመከራከር ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል። የጃፓን ታሪክ የሚነግረን ግን፣ ባለቤትነት የተሰጠው ገበሬም ቢሆን ፖለቲካው እንደ ድምፅ መስጫ ካርድ ብቻ ከቆጠረው በሁለት ትውልድ ውስጥ ወራሽ ሊያጣ እንደሚችል ነው።

በከተማ የምንኖር የተማርን ሰዎች ስለ ብልጽግና ስናወራ ዓይናችን በሕንፃውና በመንገዱ ላይ ነው። የእህል ነገር የሚታወሰን ዋጋው ሲወደድ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም የምንጮኸው ስለ ሸማቹ እንጂ ስለ አራሹ አይደለም። ታኩ ኤቶ በአንድ ንግግር ምክንያት ተሰናበቱ፤ ተገቢም ነበር። ነገር ግን ሩዝ ሳይገዛ የሚበላ ሚኒስትርና እህሉ ከማን ማሳ እንደመጣ ሳይጠይቅ የሚበላ ከተሜ ከሩቅ ሲታዩ የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ። ሁለቱም ነዶውን አያውቁትም። አንድ መንግሥት ስለ ብልጽግና ሲናገር ልንጠይቀው የሚገባን የመጀመሪያው ጥያቄ ስንት ሕንፃ ቆመ የሚል ሳይሆን፣ የገበሬው ልጅ የአባቱን ማሳ ሊወርስ ይወዳልን የሚል ነው። መልሱ አይወድም ከሆነ፣ የቀረው ሁሉ ቀለም ነው።